እስትንፋስ የማን ነው?

ነገሩ የጀመረው በአንድ የእሑድ ስብከት ነው። ደብሩንም ሰባኪውንም በስም አልጠራም፤ ጸቤ ከሰው ጋር አይደለምና። ከቅዳሴ በኋላ ወደ ዐውደ ምሕረቱ የወጣው ወጣት ሰባኪ ርዕሱ ስለ ጾም ነበር። መሐል ላይ ግን መንገዱን ለቀቀና ስለ ዮጋ ማውራት ጀመረ። ከዮጋ ወደ ሜዲቴሽን፣ ከሜዲቴሽን ወደ አተነፋፈስ ተሻገረ። በመጨረሻም ድምፅ ማጉያውን ወደ አፉ አስጠግቶ፣ «ተቀምጦ ትንፋሹን የሚቆጥር ክርስቲያን ለአጋንንት በር እየከፈተ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እልልታውም ቀለጠ። እኔም፣ አልዋሻችሁም፣ አጨብጭቤ ይሆናል፤ ከሰው ጋር ሲሆን እጅ ሳይታወቅ ነው የሚሄደው።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በሬ ተደበደበ። የጎረቤቴ ድምፅ ነው። «ጋሼ! ጋሼ፣ ይድረሱልኝ! ልጄ ትንፋሽ አጣች!» ነጠላዬን እንኳ ሳላደርግ ወጣሁ። ልጅቷ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የማውቃት፣ አይኗ እያየ ያሳደግናት ልጅ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ደረቷን ይዛ ታለከልካለች። ጣቶቿ ደንዝዘዋል። «ጋሼ፣ መሞቴ ነው» ትለኛለች።

እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያዋ አልነበረም። ከወራት በፊት ሐኪም ቤት ተወስዳ ልቧ ተመርምሮ ጤነኛ መሆኗ ተነግሯታል። ችግሩ ድንገት የሚነሳ የጭንቀት ሕመም እንደሆነም አስረድተዋታል። አንዲት ባለሙያም ሕመሙ ሲነሳባት በአፍንጫዋ በዝግታ አየር እንድታስገባ፣ ከዚያም ካስገባችበት ጊዜ በረዘመ ጊዜ ቀስ አድርጋ እንድታስወጣ አስተምራታለች። ረድቷታልም። ይህን እናቷ ራሷ በደስታ ነግራኝ ነበር።

«ያስተማሩሽን አተነፋፈስ ለምን አትሞክሪውም?» አልኳት።

ልጅቷ እያለከለከች ቀና ብላ አየችኝ። «ኃጢአት ነው አሉ፤ ትቼዋለሁ።»

እነሆ ያ ጭብጨባችን የት ደርሶ እንደተመለሰ! አንድ ሰባኪ ሳያጣራ የወረወረው ቃል፣ እኛም ሳናጣራ ያጨበጨብንለት ቃል፣ የታመመች ልጅ አልጋ ድረስ ሄዶ መድኃኒቷን ቀማት። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚህ ነው። ስለ ዮጋ ለመከራከር አይደለም። ለመጠየቅ ነው፤ ለመሆኑ እስትንፋስ የማን ነው? የሕንዶች ነው? የአጋንንት ነው? ወይስ የፈጠረን የእግዚአብሔር?

በመጀመሪያ የገዛ ቋንቋችንን እንጠይቅ። ነፍስ፣ ነፋስ፣ መንፈስ፣ እስትንፋስ፣ መተንፈስ፤ እነዚህን ቃላት ደርድራችሁ ተመልከቷቸው። ሁሉም ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ነ፣ ፈ፣ ሰ። ግዕዙም አማርኛውም የሰውን ነፍስና የሚተነፍሰውን አየር፣ የእግዚአብሔርንም መንፈስ በአንድ የቃል ቤተሰብ ውስጥ አስቀምጠዋቸዋል። ይህ የእኛ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በዕብራይስጡ ሩሐ፣ በግሪኩ ጵኔውማ የሚባለው ቃልም ነፋስንም ትንፋሽንም መንፈስንም ያመለክታል። ኦሪት ዘፍጥረት ሰው ሕያው የሆነው ፈጣሪ እስትንፋስ ሲሰጠው እንደሆነ ይነግረናል። በዮሐንስ ወንጌል ደግሞ ከሙታን የተነሣው ጌታ በደቀ መዛሙርቱ ላይ እፍ ብሎ መንፈስ ቅዱስን ሰጣቸው። በቤተ ክርስቲያናችንም በጥምቀት ጊዜ ካህኑ በተጠማቂው ላይ እፍ ይላል። ሥልጣነ ክህነት በሚሰጥበትም ጊዜ «ንፍሐት» የሚባል ሥርዓት አለ። እንግዲህ ክርስትና በእፍታ ተጀምሮ በእፍታ የሚሰጥ ሃይማኖት ሆኖ ሳለ፣ የትንፋሽ ነገር ሲነሳ እንደ ባዕድ አምልኮ የምንደነግጠው ለምንድን ነው?

«ያ ሌላ፣ ትንፋሽን ከጸሎት ጋር ማያያዝ ሌላ» የሚለኝ አይጠፋም። መልካም፤ ወደ አባቶች እንሂድ።

የመነኮሳት አባት የምንለው አባ እንጦንስ በግብፅ በረሃ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ356 ዓ.ም. አረፈ። ሊያርፍ ሲል አጠገቡ ለነበሩት ምን ብሎ እንደተሰናበታቸው ገድሉን የጻፈው ቅዱስ አትናቴዎስ አስቀምጦልናል፤ ክርስቶስን ዘወትር እንዲተነፍሱት መከራቸው። ይህን የጻፈው አትናቴዎስ ማን ነው? ፍሬምናጦስን፣ የእኛን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ጳጳስ አድርጎ ሾሞ ወደ አክሱም የላከው የእስክንድርያው ፓትርያርክ ነው። ምን አለፋችሁ፣ የመጀመሪያውን ጳጳስ የላከልን እጅ ነው «ክርስቶስን ተንፍሱ» የሚለውን ኑዛዜ የጻፈው። በዚያው በ4ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮትም ሰው ከሚተነፍሰው ይልቅ አዘውትሮ እግዚአብሔርን ሊያስብ እንደሚገባው ተናግሯል። ከእነርሱ በኋላ በሲና ገዳም አበምኔት የነበረው ዮሐንስ፣ ሠላሳ ደረጃ ባለው የመሰላል መጽሐፉ፣ የኢየሱስን ስም ማሰብ ከእስትንፋስ ጋር እንዲዋሐድ መክሯል።

«ይሄማ ምሳሌ ነው» በሉኝ። ይሁን፣ ምሳሌ ነው። ግን ምሳሌው ከየት መጣ? በበረሃ ብቻውን ተቀምጦ፣ አጭር ቃል እየደጋገመ፣ ሌሊቱን ከሚያነጋ ሰው ኑሮ ነው የመጣው። እንዲህ የሚጸልይ ሰው ቃሉና ትንፋሹ ወደደም ጠላም መተባበራቸው አይቀርም። ይህን ለማወቅ ምሁር መሆን አያሻም። እኔ ያወቅሁት ከአያቴ ነው።

አያቴ ጎጃም ውስጥ ኖራ ያረፈች፣ ፊደል ያልቆጠረች ሴት ነበረች። ጎሕ ሳይቀድ ተነስታ፣ ጋቢዋን ተከናንባ፣ መደቡ ላይ ትቀመጥና መቁጠሪያዋን ትይዛለች። እኔ ልጅ ሆኜ አጠገቧ ተኝቼ እሰማታለሁ። «እግዚኦ» ስትል አየሩ ይገባል፤ «መሐረነ ክርስቶስ» ስትል በረጅሙ ይወጣል። ከዚያ ፀጥ ትላለች። እንደገና «እግዚኦ...»። አርባ አንድ ጊዜ። አንዳንድ ቀን ከአርባ አንዱ መሐል እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ከዚያ ወዲህ ተኝቼ አላውቅም። ማንም «ትንፋሽሽን ከጸሎትሽ አስተባብሪ» ብሎ ያስተማራት የለም። ሥርዓቱ ራሱ አስተምሯታል። ባለ 41 ወይም ባለ 64 ፍሬው መቁጠሪያ፣ ስግደቱ፣ ወረቡ፣ ዝማሜው፣ ሰዓታቱ፤ ይህ ሁሉ አካልን ከጸሎት ጋር የሚያስኬድ ሥርዓት ነው። የዜማ ተማሪውን ጠይቁት። ከዜማ ምልክቶቻችን አንዱ ስሙ «ደረት» ነው። ሳንባው ያልሠለጠነ ሰው ማኅሌት ቆሞ ማደር ይችላል?

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ዳዊት «እናነባለን» አንልም፤ ዳዊት «እንደግማለን» ነው የምንለው። ውዳሴ ማርያምም ይደገማል። ጸሎትን የምንጠራበት ግስ ራሱ መደጋገም ማለት ነው። በመዝሙረ ዳዊት መጀመሪያ ላይ ሕጉን ሌሊትና ቀን ስለሚያሰላስለው ሰው የተነገረው የዕብራይስጥ ቃልም በከንፈር ማንሾካሾክን፣ ዝግ ባለ ድምፅ ማነብነብን የሚያመለክት ነው። እንግዲህ የጥንቱ «ሜዲቴሽን» ከንፈርና ትንፋሽ ያለው ነገር ነበር። በጭንቅላት ብቻ የሚደረግ አልነበረም።

እዚህ ላይ ከሁለት ወገን ተቃውሞ ይመጣብኛል።

የመጀመሪያው፣ «ጌታ አሕዛብ በከንቱ እንደሚደጋግሙት አትድገሙ ብሎ የለም ወይ?» የሚል ነው። ብሏል። ያወገዘው ግን ከንቱውን ነው፣ በቃል ብዛት እግዚአብሔርን ማባበል ይቻላል የሚለውን ሐሳብ። ድግግሞሽን ቢያወግዝማ ኖሮ እርሱ ራሱ በጌቴሴማኒ ሦስት ጊዜ ያንኑ ቃል ደግሞ ባልጸለየ ነበር። ከዚህም ሌላ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ከንቱ ድግግሞሽ ያለው የት ነው? አያቴ መደብ ላይ ነው ወይስ አንዱን ዓረፍተ ነገር በድምፅ ማጉያ ሃያ ጊዜ እየጮኸ «አሜን በሉ! አልሰማሁም!» በሚለው ዘንድ?

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው። «ይህ ሁሉ የምሥራቅ ሃይማኖት በጓሮ በር ሲገባ ነው» የሚል ነው። ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። ከ680 ዓመት በፊት በባይዛንታይን ተደርጎ ያለቀ ነው። በአቶስ ተራራ የሚኖሩ መነኮሳት አንገታቸውን ደፍተው፣ ትንፋሻቸውን አዘግይተው፣ የኢየሱስን ስም እየጠሩ ይጸልዩ ነበር። ከደቡብ ጣልያን ከካላብሪያ የመጣ በርላም የሚባል ሊቅ ሰማና ሳቀባቸው፤ ነፍሳቸው እምብርታቸው ውስጥ ያለች ሰዎች ብሎ ቀለደባቸው። የአቶሱ መነኩሴ ጎርጎርዮስ ፓላማስ መልስ ሰጠ። የመልሱ ፍሬ ነገር ቀላል ነው፤ ሥጋ የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ከሆነ፣ አእምሮን ወደ ሥጋ ውስጥ መሰብሰብ እንዴት ነውር ይሆናል? አተነፋፈሱም ራሱ ጸሎት አይደለም፤ በተለይ ለጀማሪዎች የሚባክነውን ሐሳብ ለመሰብሰብ የሚረዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1341 በቁስጥንጥንያ የተሰበሰበው ጉባኤ ለመነኮሳቱ ፈረደ። በርላምም ወደ ጣልያን ተመለሰ። ከዚያ ወግ የተሰበሰቡት ጽሑፎች እ.ኤ.አ. በ1782 በቬኒስ «ፊሎካሊያ» ተብለው ታትመው ዛሬ በብዙ ቋንቋ ይነበባሉ።

እርግጥ ነው፣ ያ ጉባኤ የእኛ ጉባኤ አይደለም። ከኬልቄዶን፣ ከ451 ዓ.ም. ወዲህ መንገዳችን ተለያይቷል፤ ፓላማስም በእኛ ስንክሳር የሚታሰብ ቅዱስ አይደለም። የጠቀስኩት ተቀበሉት ለማለት ሳይሆን የበርላምን ቀልድ የእኛ ሰባኪዎች ሳያውቁት እየደገሙት መሆኑን ለማሳየት ነው። የሚገርመው፣ በርላም ቢያንስ መነኮሳቱን ሄዶ ጠይቋል። የእኛዎቹ ማንን ጠየቁ?

ከውጭ የመጣ ሁሉ ይጣል ካልንም መጀመሪያ የሚነደው የራሳችን የመጻሕፍት ሣጥን ነው። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ከአራቱ ጉባኤያት አንዱ መጻሕፍተ መነኮሳት ነው፤ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዮስ፣ አረጋዊ መንፈሳዊ። እነዚህን መጻሕፍት ሊቃውንቱ በአንድምታ እየተረጎሙ ያስተምሯቸዋል። ስለ አርምሞ፣ ስለ ብሕትውና፣ ስለ ልብ ፀጥታ ከእነርሱ የበለጠ የጻፈ ማን አለ? ግን ማር ይስሐቅ ማን ነበር? በ7ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ቀጥራዬ ይባል በነበረው፣ ዛሬ ቀጠርን በሚያካትተው የባሕረ ሰላጤው አካባቢ ተወልዶ የነነዌ ጳጳስ የሆነ፣ ከአምስት ወር በኋላም ሹመቱን ጥሎ ወደ በረሃ የሸሸ ሶርያዊ ነው። የታሪክ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት እርሱም፣ አረጋዊ መንፈሳዊ የምንለውም አባት፣ የምሥራቅ ሶርያ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ነበሩ፤ እኛ በንስጥሮስ ስም የምናወግዛት ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው። አባቶቻችን ታዲያ ምን አደረጉ? የመጽሐፉን መታወቂያ ወረቀት አልጠየቁም። አነበቡት፣ መዘኑት፣ ከሃይማኖታቸው ጋር የተስማማውን ወሰዱ፣ ለልጅ ልጅ አስተማሩት። እነርሱ ወንፊት ነበራቸው። እኛ የያዝነው መዶሻ ነው።

የካቶሊኮቹን ምሳሌ ደግሞ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 15 ቀን 1989 የቫቲካን የእምነት ትምህርት ጉባኤ ስለ ክርስቲያናዊ ተመስጦ አንድ ደብዳቤ አወጣ። የፈረሙት በኋላ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ የሆኑት ካርዲናል ራትዚንገር ናቸው። ደብዳቤው ስለ ዜንም ስለ ዮጋም ያስጠነቅቃል፤ ሰው የአካሉን ፀጥታ ከጸጋ ጋር እንዳያምታታ፣ ዘዴው ራሱ ጣዖት እንዳይሆንበት ይላል። ግን በዚያው ደብዳቤ ላይ የአካል አቀማመጥም አተነፋፈስም ለጸሎት ሊረዱ እንደሚችሉ፣ የምሥራቅ ክርስቲያኖች የኢየሱስን ስም ከተፈጥሯዊው የትንፋሽ ምት ጋር አስተባብረው እንደሚጸልዩ ያነሳል። ወደዳችሁትም ጠላችሁትም፣ ይህ አጥንቶ መናገር ነው። ማስጠንቀቂያ ከመስጠት በፊት መለየት ይቀድማል።

እንለይ እንግዲህ። ትንፋሽን ማዘግየት የአካል ጉዳይ ነው፤ እንደ መብላት፣ እንደ መተኛት። ትንፋሽ ሲረጋ፣ በተለይ ማስወጣቱ ሲረዝም፣ የልብ ምት ዝግ ይላል። የተፈጥሮ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የታተመ አንድ የጣልያን ተመራማሪዎች ጥናት እንዲህ ነበር፤ 23 ጤነኛ ሰዎች አንድ ጊዜ የመቁጠሪያ ጸሎቱን «አቬ ማርያ» በላቲን እንዲደግሙ፣ ሌላ ጊዜ የዮጋ ማንትራ እንዲደግሙ ተደረገ። በሁለቱም ጊዜ ትንፋሻቸው በደቂቃ ወደ ስድስት ገደማ ዝግ አለ፤ የልብና የደም ሥር ምታቸውም ተስተካከለ። ሳንባ የማንን ስም እንደምትጠራ አይጠይቅም። ሳንባ ሃይማኖት የለውም።

ሰው ግን አለው። ልዩነቱም እዚህ ላይ ነው። ያው አንድ ትንፋሽ ወደ ማን እየሄደ ነው? ክርስቲያን የሚጸልየው ራሱን ባዶ ለማድረግ አይደለም፣ ለሚሰማው አካል ለመናገር ነው። «እግዚኦ» የሚለው ቃል ጥሪ ነው፤ የሚጠራ አለ፣ የሚጠራ ስምም አለ። ስለዚህ አንድ ክርስቲያን «በሌላ አምላክ ስም የሚደረግ ሥርዓት ውስጥ አልገባም» ቢል ሙሉ መብቱ ነው፤ እኔም አልገባም። «ትንፋሽ ራሱ የሰይጣን ነው» ካለ ግን የፈጣሪን ንብረት ለሰይጣን አሳልፎ መስጠቱ ነው። ከዚህ የበለጠ ክሕደት ካለ ንገሩኝ።

ሰባኪዎቹን ብቻ ወቅሼ ብተው አድልዎ ይሆንብኛል። ሌላም ወገን አለ። አንድ ወዳጄ ቦሌ አካባቢ በየወሩ ገንዘብ እየከፈለ አተነፋፈስ ይማራል። አልቃወመውም፤ ጀርባውን ያሻለዋል፣ እንቅልፉም ተስተካክሏል። ያናደደኝ የተናገረው ነው። «እኛ ጋ እኮ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ የእኛ ሃይማኖት ጾምና ጩኸት ብቻ ነው» አለኝ። የመነኩሴ የልጅ ልጅ ነው እንዲህ የሚለኝ! በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይህ ነው። አያቱ በቆዳ ገመድ አንጠልጥለው ያወረሱትን መቁጠሪያ መኪናው መስታወት ላይ ሰቅሎ፣ ለአንድ ሰዓት ፀጥታ ይከፍላል።

ደግሞ ሦስተኛ ወገን አለ፤ እኔ ራሴ ያለሁበት ነው። ይህን ታሪክ ሰምተን «አያችሁ! እኛ ጋ ከጥንት ነበረ!» ብለን ደረታችንን የምንነፋ። ደረት መንፋት ቀላል ነው፤ ከነፉ በኋላ ቀስ ብሎ ማስወጣቱ ነው ጸሎት የሚሆነው። ማር ይስሐቅ የእኛ ነው እያልን ገልጠን ያላነበብን፣ አርባ አንዱን እግዚኦታ በሁለት ደቂቃ ሰልቀጥ አድርገን ወደ ስልካችን የምንሮጥ ሰዎች ነን። እስቲ ስሉት፤ አያቴ በምትለው ዝግታ፣ ለአንዱ አሥር ሰኮንድ ብንሰጥ፣ አርባ አንዱ ሰባት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ሰባት ደቂቃ! ለሰባት ደቂቃ ከእግዚአብሔር ጋር ዝም ብሎ መቀመጥ ያቃተው ትውልድ ስለ ጥንታዊነቱ ምን ያወራል?

እኔ የምለው፣ ትንፋሽን የፈራነው ሰይጣንን ስለፈራን አይመስለኝም። ዝምታን ስለፈራን ነው። ሰው ተቀምጦ ትንፋሹን ሲሰማ የራሱንም ነገር ይሰማል፤ ቂሙን፣ ፍርሃቱን፣ የዋሸውን፣ የበደለውን። ጩኸት ከዚህ ሁሉ ያድናል። ለዚህ ነው ሞንታርቦውን የወደድነው። ከየአቅጣጫው፣ የየትኛውም ቤተ እምነት ይሁን፣ ሌሊቱን ሙሉ በድምፅ ማጉያ ይጮኻል። በሽተኛ አለ፣ አራስ አለች፣ ነገ ፈተና ያለበት ተማሪ አለ፤ ማን ግድ ይለዋል? ነቢዩ ኤልያስ በኮሬብ ተራራ እግዚአብሔርን ያገኘው በዐውሎ ነፋሱም፣ በምድር መናወጡም፣ በእሳቱም ውስጥ አልነበረም፤ ከሁሉ በኋላ በመጣው ዝግ ባለ ድምፅ ነበር። ዛሬ ኤልያስ እኛ ሰፈር ቢመጣ ያንን ድምፅ በምን ጆሮው ይሰማዋል?

ሰባኪዎቻችንን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ስለማታውቁት ነገር ከማውገዛችሁ በፊት የምታውቁትን አስተምሩን። መጻሕፍተ መነኮሳቱን ከሣጥን አውጡልን። መቁጠሪያ እንዴት እንደሚያዝ፣ አርምሞ ምን እንደሆነ፣ ሐሳቡ የሚባክንበት ሰው ልቡን እንዴት እንደሚሰበስብ ለወጣቶቹ ንገሯቸው። ቤታቸው ውስጥ ያለውን ካላሳያችኋቸው ሌላ ቤት ሄደው ቢፈልጉ አትፍረዱባቸው። ደግሞም የታመመ ሰው ሐኪም ያዘዘለትን ነገር በመድረክ ላይ ሆናችሁ አትቀሙት። ከእናንተ ቃል በኋላ አልጋው ላይ የሚያለከልክ ሰው መኖሩን አታዩትም፤ እኛ ጎረቤቶቹ ግን እናየዋለን።

ወደዚያች ሌሊት ልመለስ። ክርክር የሚያዋጣበት ሰዓት አልነበረም። አጠገቧ ተቀመጥኩና እጇን ያዝኩ። «ከእኔ ጋር በይ» አልኳት። «እግዚኦ» ስል አየር ሳብኩ። «መሐረነ ክርስቶስ» ስል በረጅሙ ለቀቅሁ። መጀመሪያ አልቻለችም፤ ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ እየተቆረጠ። ደገምነው። እናቷም ከበሩ ሥር ቆማ አብራን ትል ጀመር። ስንተኛው ላይ እንደሆነ አላስታውስም፣ ትከሻዋ ወረደ። ቀጥሎ ጣቶቿ ሞቁ። አርባ አንዱን ስንጨርስ በሰላም ትተነፍስ ነበር።

«ጋሼ» አለችኝ ቆይታ፣ «ይሄ እኮ ያስተማሩኝ ነው። ያው ራሱ ነው።»

«አዎ ልጄ፣ ያው ራሱ ነው» አልኳት። «ባለሙያዋ ሳንባሽን አስተማረችሽ፤ አያቴ ደግሞ የምትጠሪውን ስም ጨመረችልሽ። ሁለቱ አልተጣሉም።»

በማግስቱ እናቷ ወደ ባለሙያዋ መልሳ ወሰደቻት። ሕክምናዋን ቀጥላለች፤ መቀጠልም አለባት፣ ጸሎት ሐኪምን አያባርርምና። ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ አገኘኋት። ቦርሳዋን ከፍታ አሳየችኝ፤ የቀጠሮ ካርዷና አንዲት ጥቁር መቁጠሪያ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

እሑድ ደግሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። ያ ሰባኪ ዳግመኛ ወጥቶ ስለ ትንፋሽ ቢያወግዝ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ዝም እላለሁ። ስብከቱ ሲያልቅም ጠጋ ብዬ፣ እንደ ታላቅ ወንድም፣ ስለዚያች ሌሊት እነግረዋለሁ። ይሰማኝ ይሆናል። እርሱም እኮ እንደ እኛው የሚተነፍስ ሰው ነው።

ቸር እንሰንብት።